ከብርዝ ወደ ለስላሳ

አማርኛችን ለወፍራም ሰው የሚያደላው አይጣል ነው። ከርሞ የተገናኘ ወዳጅ «ወፈርክሳ! ተመችቶሃል ማለት ነው» ሲለን ሙገሳ ነው፤ ፈገግ እንላለን። «ከሳህሳ! ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ያለን እንደሆነ ግን ቤት ገብተን መስታወት ፊት እንቆማለን። ቦርጭም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የኑሮ ማዕረግ ነበር። ይህ ደግሞ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የ1966ንና የ1977ን ረሃብ ያየ ሕዝብ ክሳትን ከሞት ጋር ቢያዛምደው ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ቃላችን እዚያው እንደቆመ ገበያው ጥሎት ሄዷል። የዛሬው ጨዋታዬም ስለ ገበያው ነው።

መርካቶ ስላችሁ የአዲስ አበባው እንዳይመስላችሁ፤ የጅማውን ማለቴ ነው። ከመርካቶነቱ በፊት ሂርማታ ይባል ነበር። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቡናው፣ ማሩ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌ ጨው የጫነው ቅፍለት ሁሉ የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበርና «ደጉ ዘመን» እያልኩ አላሞካሸውም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደጻፈው፣ በበጋ ጥሩ የገበያ ቀን እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብበት ነበር። ያ ሁሉ ሰው ታዲያ ባብዛኛው የመጣው በእግሩ ነው፤ ያውም ተሸክሞ። ዛሬ ያንኑ መንገድ ባጃጅ ይሠራበታል። የሰውነት ክብደት ነገር ሲነሳ ሁላችንም አፍ አፋችንን እናያለን እንጂ እግራችንን ትዝ አይለንም።

የአካባቢው ሰው ምን ይበላ ነበር? በቆሎና ማሽላ፣ ጤፍ ላገኘ ጤፍ፣ እንሰት ባለበት ቆጮ፣ ገንፎ፣ ጎመን። በኦሮሞ ዘንድ ቡናው ራሱ ምግብ ነበር፤ ቡና ቀላ የሚሉት ከነገለፈቱ በቅቤ ታብሶ የሚበላውን ነው። ሲጠጣም በጨው፣ አንዳንዴም በቅቤ ነበር። ለእንግዳና ለድግስ ደግሞ ብርዝ አለ፤ ማር በውሃ ተበርዞ፣ ሳይሰክር የሚጠጣ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚቀርበው። ይህን ስዘረዝር ሁሉም ጠግቦ ያድር ነበር ማለቴ አይደለም። ክረምት ሲገባ ጎተራው የሚራቆትበት ቤት ብዙ ነበር።

አሁን ወደ ቃል ልመለስ፤ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አመሉ ነው። ጣሊያን ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ማዕከል አድርጎ ተቀመጠባት። ሄደ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። መርካቶ ራሱ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ከረሜላ፣ ሳልሳ የእነርሱ ናቸው። ፉርኖ በአገሩ ምድጃ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ነጭ ዱቄትና ዳቦ ሆነ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ምግቦች በመጀመሪያ የከተሜና የባለሥልጣን ምግብ ነበሩ። «ፓስታ በላሁ» ማለት «ሠለጠንኩ» ማለት ነበር። ምግቡ ሆድ ሳይገባ ክብሩ ቀድሞ ገባ።

ከዚያ የፋብሪካው ዘመን መጣ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ላይ በጠርሙስ መሞላት ያዘ። መጠጡን «ለስላሳ» ያልነው እኛው ነን። ቃሉ ራሱ ያባብላል፤ ጉሮሮ ላይ ለስልሶ የወረደው ስኳር ደም ውስጥ ሲገባ ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ አይናገርም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኑሮ ውድነቱን ለማርገብ ሲባል የፓልም ዘይት በድጎማ እየገባ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል ቆየ። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። ኑግ ለመግዛት አቅም ያጣው ቤተሰብ ወረፋ ይዞ የወሰደው እርሱን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በእጅ የተሠራ ሁሉ ጥሩ፣ የተቀነባበረ ሁሉ መርዝ አይደለም። እንጀራ ቀናት ይቦካል፣ ቆጮ ለወራት ተቀብሮ ይብላላል፤ ይህም ማቀነባበር ነው። አዮዲን ያለበት ጨው በ2003 ዓ.ም. በደንብ የተደነገገው ስንቱን ከእንቅርት ሊያድን ነው። ብራዚላዊው ካርሎስ ሞንቴሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ለይተው ያስጠነቀቁበት ምግብ ሌላ ነው፤ እናት በማዕድ ቤቷ በማታገኛቸው ማጣፈጫ፣ ማቅለሚያና ማያያዣ ተቀምሞ፣ ታሽጎ፣ ለመጎረስ ዝግጁ ሆኖ የሚመጣው። ለስላሳው፣ የታሸገው ብስኩት፣ ቺፕሱ፣ ከነቅመሙ የሚመጣው ኢንዶሚ ከዚህ ወገን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት እንዲህ ያለውን፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበው ስኳሩም፣ ስቡም፣ ካሎሪውም እኩል ነበር፤ ያሻችሁን ያህል ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ትርፍ በሉ፤ አንድ ኪሎ ግድምም ጨመሩ። ስለዚህ «ሆዳም» የሚለውን ስድብ ከመወርወራችን በፊት ምግቡ ራሱ እንዴት እንደሚያስበላ እንጠይቅ።

በአገራችንስ? የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ እንደሚሉት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 በመቶ ደረሱ። በአዲስ አበባ 29 በመቶ ነበሩ። በዚያው በ2008 ግን ከመጠን በላይ የከሱት በአገር ደረጃ 22 በመቶ ናቸው። ረሃቡ ሳይወጣ ውፍረቱ ገባ ማለት ነው። በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ የቀነጨረ ሕፃንና ስኳር በሽታ ያለባት እናት ይኖራሉ። ሁለቱም ግን ጥሩ ምግብ ያጡ ናቸው። «ተመችቷታል» ብለን የምናልፋትም ሴት ተመችቷት ላይሆን ይችላል።

የቡና አገር ሰው ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ ገንዘብ የሚገባው ቡናው ሲለቀም ነው። ያኔ እናትም አባትም ልጅም ጫካ ይውላሉ። ሊጥ የሚያቦካ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ወጥ የሚጠብቅ ማን አለ? ሱቁ ግን በር ላይ ነው። የፋብሪካ ምግብ እሳት አይጠይቅም፣ አይበላሽም፣ ሕፃን ይሸከመዋል። ባለሱቁ ከብስኩቱ ጋር የሚሸጠው ጊዜን ነው፤ ጊዜ ያጣች እናት ብትገዛው አልገረምም። እንዲህም ሆኖ ማሩ ይሸጣል፣ ቡናው ይሸጣል፣ በገንዘቡ ስኳር ይገዛል።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጥን፣ ስኳርንና የሚረጋ ስብ የበዛባቸውን ቅባቶች ቀረጥ ውስጥ አስገብቷል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ቀረጥ ግን ክብርን አይነካም፤ ክብሩ የሚኖረው እኛ ዘንድ ነው። እንግዳ ሲገባ ቤት ያፈራውን ትተን ልጅ ወደ ሱቅ የምንልከው ጠርሙሱ ከብርዙ የበለጠ የሚያከብር ስለሚመስለን ነው። ቡና ቁርስ ላይ ቆሎውንና የተቀቀለውን በቆሎ «የገጠር ነው» ብለን አንስተን የታሸገ ብስኩት የምንደረድረውም ለዚያው ነው። ክብርን ወደ ሌላ ዕቃ ያዞርነው እኛው ስለሆንን፣ የመመለሱም ሥራ የጤና ባለሙያ ብቻ አይደለም። ደጋሹም፣ ሚዜውም፣ አስተናጋጁም፣ ጎረቤቱም አለበት። በሚቀጥለው ሰርግ አንድ እንስራ ብርዝ ፊት ለፊት ቢቀመጥና ለስላሳው ጥግ ቢይዝ፣ የሚቀየመን እንግዳ ያለ አይመስለኝም።