አድራሻው የጠፋው ወፍ

አንድ ወፍ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ላይ ዳግማዊ ምኒልክና አንድ ጣሊያናዊ ልዑል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ ሜኔሊኮርኒስ ሩስፖሊ። እንዴት አንድ ላይ ሊገኙ ቻሉ? እኔም ነገሌ ቦረና ድረስ የሄድኩት ወፉን በዓይኔ ለማየት ብቻ ሳይሆን ይሄ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ጭምር ነው።

ልዑል ዩጄኒዮ ሩስፖሊ ከበርበራ ተነስቶ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የገባው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እየተጓዘ ያድናል፣ ይሰበስባል። በታኅሣሥ 1893 ዝሆን ገደለው። ገና 27 ዓመቱ ነበር። የሰበሰበው ዕቃ ግን ጣሊያን ገባ፤ ከመካከሉም አንድ የወፍ ቆዳ ነበረ። አረንጓዴ፣ በራሱ ላይ ነጣ ያለ ጉትዬ ያለው፣ ክንፉ ውስጥ ደማቅ ቀይ።

የቱሪኑ የወፍ ሊቅ ቶማሶ ሳልቫዶሪ ቆዳውን አገላብጦ አየና አዲስ ዝርያ ነው አለ። በሟቹም ስም ሰየመው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ፦ 1896። አዎ፣ የዓድዋ ዓመት። ምኒልክ ወደ ስሙ የገባው በኋላ ነው፤ አንድ ጀርመናዊ ተመራማሪ ይህንን ወፍና በአገራችን ደጋ የሚኖረውን ዘመዱን ለብቻቸው አውጥቶ የንጉሡን ስም ሰጣቸው። ብዙዎች ችላ ብለውት የቆየው ስም በቅርብ ዓመታት ተመልሶ መጥቷል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሙዚየም የሚገባ ቆዳ እግሩ ላይ ወረቀት ይታሰርለታል፦ የት ተያዘ፣ መቼ፣ ወንድ ነው ሴት። የዚህኛው ወፍ ቦታ አልተጻፈም። ቦታውን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሞቷል። ስለዚህ ወፉ ስም አለው፣ ቆዳ አለው፣ አድራሻ ግን የለውም። ለሳይንስ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጠፋ ማለት ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ኮንስታንቲን ዋልተር ቤንሰን የሚባል እንግሊዛዊ አሬሮ አካባቢ እስኪያገኘው ድረስ።

"ጠፋ" ስል ግን አፌን ይይዘኛል። ለማን ነው የጠፋው? የአሬሮ ሰው በየማለዳው ድምፁን እየሰማ ከብቱን ሲያሰማራ ኖሯል። የጠየቀው ሰው አልነበረም እንጂ።

እኛ በሁለተኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር አንጋጠን ቆመናል። መንገድ የሚያሳየን ልጅ ባዶ እጁን ነው፤ እኔ ባይነኩላር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከሱ ዘግይቼ ነው የማየው። "ያውልህ!" አለኝ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እንደ ሽኮኮ ሮጠ፣ ፍሬ ለቀመ፣ ከዚያ ክንፉን ሲዘረጋ ያ ቀይ በራ። የዚያ ቀይ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ፤ እውነተኛ መዳብ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ፎቶው ደብዝዟል፣ ግድ የለም።

ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዛፉን፣ ከመንገዱ ያለውን ርቀት መጻፍ ጀመርኩ።

"ወንድሜ፣ ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፈው? እኛ ሁሌም እናየዋለን እኮ" አለኝ ልጁ።

የሩስፖሊን ታሪክ ነገርኩት። ሳቀ። "ወረቀት ረስቶ ነው?"

ረስቶ ይሁን ጊዜ አጥቶ፣ ማን ያውቃል። አሁን ያለው ስጋት ግን ሌላ ነው። ያ የደጋው ዘመዱ፣ ጉትዬው ጥቁር፣ ፊቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቱራኮ፣ እዚህም ይገኛል፤ ሁለቱ ይዳቀላሉ። መልካቸው የተቀላቀለ ወፎች ታይተዋል። የትኛው የት እንደታየ ካልተጻፈ፣ ድቅሉ እየበዛ መሆን አለመሆኑን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይህን መዝገብ በብዛት የሚሞላው ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው ሊቅ ሳይሆን እንደኔ በዕረፍቱ በሚኒባስ የሚንገላታ ሰው ነው።

ልንሄድ ስንል ሦስተኛ ወፍ መጣ። ጉትዬው ነጭ ነው ልል አልኩ፣ ግን መሠረቱ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ጥላ ይሆናል። ልጁን ጠየቅሁት፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ቆየና "ይሄኛውን እንጃ" አለ።

"አንድ፣ ከሾላው በስተ ምሥራቅ፣ 1፡10 ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት።