የሕዝብ መኪና ማን ያስቀምጥልን?

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተመንግሥት ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ግቢው ውስጥ ስንት የተንቆጠቆጠ መኪና እያለ ደርግ ያቀረበላቸው አስተማሪውና ጸሐፊው የሚነዳትን ትንሽ መኪና ነው። መልእክቱን ለመረዳት ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ያ ቤተመንግሥት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖችም ተወልውለው ለጎብኚ ይታያሉ። ደግ ተደርጓል። ግን ቮልስዋገን ማለት በጀርመንኛ "የሕዝብ መኪና" ነው። የንጉሡን መኪና መንግሥት ካስቀመጠ፣ የሕዝቡን ማን ያስቀምጥልን?

እስካሁን ያስቀመጡልን ሶማሌ ተራ ያሉ ዕቃ ሻጮችና በየሰፈሩ ያሉ መካኒኮች ናቸው። ደመወዝም ምስጋናም ሳይኖራቸው። ቋንቋቸው ራሱ ታሪክ ነው፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ። ጣልያን ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ቃሉ አልወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አሮጌ መኪና ማደስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኦሪጅናል አለ?" ብሎ ነው። ብዙዎቻችን ኦሪጅናል ስንል ፋብሪካው የሠራው፣ በካርቶን የታሸገ አዲስ ዕቃ ይመስለናል። ለአሮጌ መኪና ግን ይህ አይበቃም። ዕቃው መኪናዋ የተሠራችበት ዘመን መሆን አለበት።

ቮልስን እንውሰድ። ጀርመን ውስጥ የተለመደችው ባለ ድፍን ጣሪያ ቮልስ መሠራቷ እ.አ.አ በ1978 ቆመ፤ ሜክሲኮ ግን እስከ ሐምሌ 2003 ቀጠለች። በአጠቃላይ 21,529,464 ተሠርተዋል። ይህን ያህል ከተሠራች መለዋወጫ መች ይቸግራል ትሉ ይሆናል። ችግሩ መልኳ ሳይለወጥ ሆዷ መለዋወጡ ነው። እ.አ.አ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ አብዛኞቹ ቮልሶች በ6 ቮልት ነበር የሚሠሩት፤ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ 12 ቮልት ሆኑ። ስለዚህ የአሮጌዋ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ አምፖልና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ከኋለኛዋ አይገኝም። ቸርኬውም ከ5 ብሎን ወደ 4 ወርዷል። መስታወቱም እ.አ.አ ከ1964 አጋማሽ በኋላ ጀርመን ውስጥ ሰፍቷል፤ ብራዚል ግን ትንሹን መስታወት ይዛ ቀጥላለች። ስለዚህ አንድ የ1960 ቮልስ ያለው ሰው የብራዚል መስታወት ሊሆነው ይችላል፤ የ1965 ቮልስ ያለው ጎረቤቱ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህን የሚያውቅ ፈላጊ ስም አይጠይቅም፤ ቁጥር ያነባል። የሻንሲ ቁጥሩን ከኋላ ወንበር ሥር፣ የዕቃውን ቁጥር ደግሞ ከብረቱ ላይ። በ111 የሚጀምር ለቮልስ፣ በ211 የሚጀምር ለኮምቢ የተነደፈ ነው። ፋብሪካው ራሱ ዛሬም ለአሮጌ ሞዴሎቹ ዕቃ ይሸጣል፤ ዶላርና ውጭ አገር ዘመድ ላለው መንገዱ ይኸው ነው። ለሌላው ያለው መንገድ ሶማሌ ተራ ነው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የሀብታም ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። በጥር 2016 ዓ.ም መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ስለ ውሳኔው የፈለግነውን እንበል፤ ለአሮጌ መኪኖች ያለው ትርጉም ግን አንድ ነው፦ ያለን ያለን ነው። አንዲት ቮልስ ለቁራጭ ብረት በተሸጠች ቁጥር ለሌሎች ሦስት የምትሆን መለዋወጫ አብራ ትቀልጣለች።

ላዳም ተራዋን እየጠበቀች ነው። እ.አ.አ በ1970 ከፊያት 124 ተቀድታ የወጣችው የላዳ ዘር ሩሲያ ውስጥ ምርቱ በ2012 አብቅቷል። ሩሲያዎቹ ሞተሯንና የኋላ ፍሬኗን ስለቀየሩት የፊያት ዕቃ ሁሉ አይሆናትም። ለአሥርት ዓመታት አዲስ አበባን በሰማያዊና ነጭ ቀለም ያመላለሰች ታክሲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፎቶ ብቻ ልትቀር ትችላለች።

"ባለታክሲው ልጆቹን ማብላት አለበት፤ ኦሪጅናል እስኪገኝ መኪና አያቆምም" የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። በተገኘው ዕቃ ጠግኖ መንዳትም የዚህች አገር ታሪክ ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። የምለው ቀላል ነው። 12 ቮልት ስታስገቡ የወጣውን 6 ቮልት ዲናሞ አትጣሉት፤ የመኪናዋን ዓመተ ምሕረትና የሻንሲ ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡት። መኪና ሲፈታ ሊብሬው አብሮ አይቀደድ። የቤተመንግሥቱን መኪኖች ያደሱ ተቋማት ደግሞ የሶማሌ ተራን አዛውንቶች ጠርተው የሚያውቁትን ይመዝግቡ። እነሱ ሲያልፉ የትኛው ዕቃ ለየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚነግረን አይኖርም።

የንጉሡ መኪና ጠባቂ አለው። የሕዝቡ መኪና ጠባቂው ሕዝቡ ነው።