ሸክሙን ማን ይሸከም? የሃዱፕ ረዳት ኮድ አጫጫን አጭር ታሪክ



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂላችን ሥራን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የማከፋፈልን አሳብ ባጭሩ ይገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ብቅ ያለው ሃዱፕ የቆመውም በዚሁ አሳብ ላይ ነው፤ ግዙፉን መረጃ ከፋፍሎ ለብዙ ተራ ማሽኖች ያድላል።

ሃዱፕ በአብዛኛው የተጻፈው በጃቫ ነው። የጃቫ ተስፋ ደግሞ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በየትኛውም ማሽን ላይ ይሠራል የሚል ነበር። መረጃን ማመቅ ግን ፍጥነትን ስለሚሻ፣ ለእያንዳንዱ የማሽን ዓይነት አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎመ ረዳት ኮድ አስፈለገ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 በነጻ የለቀቀው፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው ስናፒ ከእነዚህ አንዱ ነው። የጃቫ ተስፋ የተሸረፈው እዚህ ላይ ነው፤ ረዳቱ ኮድ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ለብቻው መጫን ነበረበት።

የዚህን ዋጋ የተረዳሁት በአንድ ሌሊት ነው። የምረዳው የጥናት ቡድን ሥራ ደጋግሞ ይቋረጥ ነበር። ስሕተቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ስንፈልግ ነጋ። ፕሮግራሙ ግን እንከን አልነበረበትም፤ ከማሽኖቹ በአንዱ ላይ ስናፒ ስላልተጫነ ወደ እርሱ የተላከው ሥራ ሁሉ ይወድቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሃዱፕ 3.3.1 ይህን አሠራር መልሶ አደራጀው። ስናፒ-ጃቫ የተባለው ጥቅል ለብዙ የማሽን ዓይነቶች የተዘጋጀውን ረዳት ኮድ አብሮ ይዞ ይጓዛል፤ በደረሰበት ማሽንም የሚስማማውን መርጦ ይጭናል። የማመቂያው ስልት አልተለወጠም። የተለወጠው የኃላፊነቱ ቦታ ነው፤ ከማሽኑ አስተዳዳሪ ወደ ጥቅሉ አዘጋጅ ተሻገረ።

ይህም በነጻ አልተገኘም። ቀድሞ በረዳቱ ኮድ ላይ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ አስተዳዳሪው በማሽኖቹ ላይ የተጫነውን ቅጂ አድሶ ይገላገል ነበር። ዛሬ በጥቅሉ ውስጥ የተቀመጠውን ቅጂ በቀላሉ አያየውም፤ የታረመ ጥቅል እስኪወጣም መጠበቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ኮድን መልሳችሁ ስታደራጁ «ይህን ሥራ እስከ ዛሬ ማን ይሠራው ነበር? ከነገ ጀምሮስ ማን ይሠራዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ሰው ጽፋችሁ ተዉለት።