ክር የሚያበቅለው ባክቴሪያ

ነገሩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ሆፕዉድ የተባለ ወጣት ስትሬፕቶማይሲስ ሴሊከለር የሚባል የአፈር ባክቴሪያ መርጦ የዘር ውርሱን ሊያጠና ተቀመጠ።

ይህ ፍጥረት እንደ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከመሃሉ ለሁለት እየተከፈለ አይራባም፤ ስሙማ! እንደ ዘር የሚያገለግለው ስፖሩ ሲመቸው ክር ያበቅላል። ክሩ ከጫፉ እየረዘመ፣ ከጎኑ ቅርንጫፍ እያወጣ አፈሩን ይወርረዋል። ሻጋታ ስለሚመስል ለረጅም ዘመን ከፈንገስ ሲቀላቀል ኖሯል። አፈር ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታም በአብዛኛው የእሱና የዘመዶቹ ሥራ ነው።

ጉዱ የሚመጣው ምግብ ሲያልቅ ነው። አዳዲስ ክሮች ወደ አየር ይነሣሉ። ስንቃቸው ምን መሰላችሁ? ከታች የቀረው የገዛ አካላቸው! እሱ እየሞተ፣ እየፈረሰ ይመግባቸዋል። አንቲባዮቲክ የሚመረተውም በዚሁ ሰዓት ገደማ ነው። የፈሰሰውን ምግብ ሌላ ተህዋስ እንዳይሻማ ጠባቂ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔንም ያሳምነኛል። በመጨረሻ ወደ አየር የወጣው ክር በአንዴ ብዙ ግድግዳ ይሠራና የስፖር ሰንሰለት ይሆናል።

ሆፕዉድ በ1968 ወደ ኖሪች፣ ወደ ጆን ኢነስ ተቋም ሄደ። እዚያ ዘረመላቸው የተዛባ ዝርያዎች ተለይተው ተጠኑ። የአየር ክር አላበቅል ያሉት «መላጣ» ተባሉ፤ ክር አውጥተው ግራጫውን ስፖር ማድረስ ያቃታቸው «ነጭ» ተባሉ። ከእያንዳንዱ ጉድለት ጀርባ አንድ የተበላሸ ዘረመል ነበር፤ ዕድገቱ ደረጃ በደረጃ የተገለጠው በዚህ መንገድ ነው። በ2002 ሙሉ ጂኖሙ ታተመ፤ ወደ 7,825 ዘረመሎች! ታዋቂው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ያለው 4,300 ያህል ነው።

አንድ እንቅፋት ግን ነበር። ሴሊከለር በፈሳሽ ውስጥ ሲያድግ ተድበልብሎ ይቀራል እንጂ እንደ ልብ ስፖር አይሠራም። ስፖሩን የሚሰጠው አጋር የሚባል ጄል በፈሰሰበት ሳህን ላይ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ደቂቃ በደቂቃ መከታተል አስቸጋሪ ሆነ።

መፍትሔው ከቬንዙዌላ አፈር መጣ። ስትሬፕቶማይሲስ ቬንዙዌሊ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የክሎራምፌኒኮል ምንጭ ሆኖ ይታወቃል፤ ያ መድኃኒት የዓይን ጠብታ ሆኖ ስንቱን ረድቷል! ይህ ዝርያ በፈሳሽ ውስጥ ሲያድግ ክሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ስፖር ይለወጣሉ። ተመራማሪዎች ፕሮቲኖቹን እንዲያበሩ አድርገው ሲያዩት፣ ግድግዳ የሚሠራባቸው ቀለበቶች እንደ መሰላል ተደርድረው ታዩ። በ2014 ደግሞ ልጓሙ ተገኘ፤ አራት ትናንሽ የመልእክት ሞለኪውሎች ሁለት ብልድዲ የተባሉ ፕሮቲኖችን ያጣምራሉ፤ ጥምረቱ እስካለ ድረስ ስፖር የለም።

ጨርሶ ታወቀ ሲባል፣ ካናዳ ውስጥ ቬንዙዌሊ ከእርሾ አጠገብ ተዘራ፤ ውጤቱ በ2017 ታተመ። ስፖር መሥራቱን ትቶ ሳህኑን እያቋረጠ፣ የቆመበትን እንቅፋት እየዘለለ ሄደ። ሲሄድም ትራይሜቲላሚን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ የደረሳቸው ሌሎች ስትሬፕቶማይሲሶችም ተነሥተው ጉዞ ይጀምራሉ።