ቭላዲሚር ቤትስ፦ ከሕዋሱ ስም በስተጀርባ ያለው ሐኪም

የሕክምና ተማሪ በነበርንበት ጊዜ «የቤትስ ሕዋሳት የሚገኙት የት ነው?» የሚል ጥያቄ ያልቀረበለት ከመካከላችን ጥቂት ነው። መልሱን ሸምድደን ፈተናውን አልፈናል። ስሙ የማን እንደ ሆነና ሰውየው ወደ ግኝቱ እንዴት እንደ ደረሰ ግን እምብዛም አልጠየቅንም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት ይሞክራል፤ ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቭላዲሚር አሌክሴየቪች ቤትስ በ1834 ዓ.ም. በጊዜው በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ የዩክሬን አካል በሆነችው በቼርኒጎቭ ግዛት ተወለደ። በ1860 ከኪየቭ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ኦስትሪያና ጀርመን ተላከ። በዚያም በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩ የፊዚዮሎጂና የሕብረ ሕዋስ ሊቃውንት ዘንድ ተማረ። ከተመለሰ በኋላ በኪየቭ አናቶሚ ማስተማር ጀመረ፤ በ1870ም ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያን ጊዜ አንጎልን በማይክሮስኮፕ መመርመር እጅግ አስቸጋሪ ነበር። አንጎል ለስላሳና በቶሎ የሚበሰብስ አካል በመሆኑ ስስ አድርጎ መቁረጥ አይቻልም ነበር። ቤትስ አንጎሉን በመጀመሪያ በአዮዲንና በአልኮል፣ ቀጥሎም በፖታሲየም ዳይክሮሜት ውስጥ በማቆየት የሚያጠነክርበትን ዘዴ በትዕግሥት አዳበረ። ከዚያም ሰፋፊና ስስ ቁራጮች አውጥቶ ካርሚን በተባለው ቀይ ቀለም ያቀልማቸው ነበር። እነዚህ ሥራዎቹ በ1873 በቪየና በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቀርበው ከፍተኛ አድናቆት አተረፉ።

ዋናው ግኝቱ የታተመው በ1874 ነው። ከአራት ዓመት በፊት ፍሪትሽና ሂትሲግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች የውሻን አንጎል ቅርፊት በደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲነኩ በተቃራኒው ጎን ያለው እግር መንቀሳቀሱን አሳይተው ነበር። ሆኖም በዚያ ሥፍራ ያለው የአንጎል ክፍል ከሌላው በምን እንደሚለይ የሚያውቅ አልነበረም። ቤትስ በዚያው የውሻ አንጎል ክፍል፣ እንዲሁም በሰው አንጎል ከሮላንዶ ስንጥቅ ፊት ለፊት ባለው እጥፋት ውስጥ፣ ከአካባቢያቸው እጅግ የገዘፉ ፒራሚድ መሰል ሕዋሳት በቡድን በቡድን ሆነው አገኘ። ከሕብለ ሰረሰር የእንቅስቃሴ ሕዋሳት ጋር ያላቸውን ተመሳሳይነት አስተውሎ እንቅስቃሴን የሚያዝዙ መሆን አለባቸው ሲል ደመደመ። «ኒውሮን» የሚለው ቃል እንኳ የተፈጠረው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1891 ነበር።

የዚህ ሥራ ታላቅነት ሕዋሱን በማየት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ቤትስ የሌሎችን የፊዚዮሎጂ ሙከራ ከራሱ የአናቶሚ ምልከታ ጋር በማገናኘት፣ የተለየ ተግባር ያለው የአንጎል ክፍል የተለየ አሠራርም እንዳለው አስረዳ። ብሮድማን በ1909 ያሳተመው የአንጎል ካርታ የቆመው በዚሁ አስተሳሰብ ላይ ነው፤ የቤትስ ሕዋሳት የሚገኙበትም ሥፍራ በካርታው ቁጥር 4 ተብሏል።

ሆኖም ስሙ ከሚገባው በላይ እንዳይሸከም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኋላ የተደረጉ ቆጠራዎች እንዳመለከቱት በአንድ የአንጎል ንፍቀ ክበብ ያሉት የቤትስ ሕዋሳት ወደ 30,000 ገደማ ሲሆኑ፣ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርደው የፒራሚድ መስመር ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች አሉት። ስለዚህ የፈቃድ እንቅስቃሴ ሁሉ ከቤትስ ሕዋሳት ብቻ ይመነጫል የሚለው የተለመደ አነጋገር ትክክል አይደለም።

ቤትስ ከቤተ ሙከራው ውጭ የነርቭ ሕመም ሐኪምም ነበር። በ1890 የማስተማር ሥራውን ለቀቀ፤ በ1894ም በኪየቭ አረፈ።

አንድ ጎኑ የሰነፈ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆመን የጡንቻውን ድርቀት ስንፈትሽ፣ የውስጥ እግሩንም ጭረን የአውራ ጣቱን ወደ ላይ መነሣት ስናይ፣ ጉዳቱ ከላይኛው የእንቅስቃሴ ነርቭ መስመር ላይ ነው እንላለን። ይህን በልበ ሙሉነት ለመናገር ያስቻለን ዕውቀት ከተጣለባቸው መሠረቶች አንዱ፣ ቤትስ ቁራጭ በቁራጭ እያየ ያደረገው ትዕግሥት የተመላበት ሥራ ነው። ተማሪዎቻችንን የሕዋሱን ስም ስንጠይቃቸው፣ እንዴት እንደ ተገኘም ብንነግራቸው ትምህርቱ የበለጠ ሥር ይሰድዳል።