አንዲት ዓመት በልዩ ልዩ ቍጥር

ምእመናን ሆይ፤ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት ወጣት፥ «አባ፥ የፋብሪካው ወረቀት አንድ ዓመት ይላል፥ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ትላለች፥ ጎረቤቴም በሂጅራ ትቈጥራለች፤ ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ነን?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አንዲት የጥንት ዓመት ትስጠን።

ይህች ዓመት በእኛ ቍጥር 614 ዓመተ ምሕረት ናት። 5500ውን ዓመተ ፍዳ ብንጨምርባት 6114 ዓመተ ዓለም ትሆናለች፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋልና ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ግብጻውያን ወንድሞቻችን ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ጀምረው 338 ዓመተ ሰማዕታት ይሏታል። አውሮፓውያን ከጥር 6 ቀን ወዲህ ያለውን ክፍሏን 622 ይሉታል።

በዚያን ጊዜ ኢየሩሳሌም በፋርስ እጅ ነበረች፤ የጌታችን መስቀልም ከተማረከ 8 ዓመት ሆኖት ነበር። ከአበው እንደ ተማርነው ብናሰላ አበቅቴ 4፥ መጥቅዕ 26፥ ጾመ ነነዌ ጥር 30፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 9 ይሆናል። ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ቴዎፋንስ ደግሞ፥ ንጉሡ ሕርቃል በዓለ ትንሣኤን አፕሪል 4 ቀን አክብሮ በማግሥቱ ሰኞ ማታ ፋርስን ለመውጋት ከቁስጥንጥንያ እንደ ወጣ ጽፏል። አፕሪል 4 በዚያ ዘመን ያው ሚያዝያ 9 ነው። ባሕረ ሐሳብን የናቀ ሰው ይህን ይመልከት!

በአክሱምም ከ7 ዓመት ያህል በፊት ከመካ ተሰደው ከመጡት ሙስሊሞች ጥቂቶቹ በክርስቲያኑ ንጉሥ ጥላ ሥር ገና ይኖሩ ነበር። የሂጅራ ቍጥር መነሻ የሆነው ቀን በዚያችው ዓመት ሐምሌ 22 ላይ ይውላል። ነገር ግን በዕለቱ «ዛሬ 1 ሂጅራ ነው» ያለ ሰው አልነበረም፤ ቍጥሩን ያቆመው ከ16 ዓመት ያህል በኋላ ከሊፋው ዑመር ነው። 622 የሚለውንም አብዛኛው አውሮፓ ገና አልለመደውም ነበር፤ ዲዮናስዮስ የተባለ መነኵሴ በሮም በ525 ቢያወጣው፥ በሰፊው ያስለመደው ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የተነሣው እንግሊዛዊው መነኵሴ ቤዳ ነው።

እንግዲህ 8ቱ ዓመት ከየት መጣ? የእስክንድርያው መነኵሴ አንያኖስ 5500 ዘመን ሲፈጸም ጌታ ሰው ሆነ ብሎ ቈጠረ፤ ዲዮናስዮስ በሌላ ስሌት መነሻውን ቀደም አደረገው። የተለያየው መነሻው ነው እንጂ፥ እኛ ከጊዜ የዘገየንበት አንዳች ዕለት የለም።

ይህንንም ለልጅቱ በወረቀት አሰላሁላት። 6114ን ከ1528 መጠነ ራብዒት ጋር ደምረን ለ7 ብንገድፍ 5 ይተርፋል፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቅዳሜ ነበር። ከዚያ ስንቈጥር ሐምሌ 22 ዓርብ ሆነ። ጎረቤቷን ብትጠይቅ፥ የሂጅራ መጀመሪያ ቀን በተለመደው ስሌታቸው ዓርብ ነው።