የቴሌታይፕ ውርስ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት መሥራት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ትእዛዝ የሚሰጠው በቴሌታይፕ ነበር። ይህም መኪና በወረቀት ላይ ስለሚጽፍ የተሳሳተውን ፊደል መፋቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ጸሐፊው የመሰረዣውን ምልክት ሲመታ ስሕተቱ የሚታረመው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር።

ይህን የሚፈጽመው ድራይቨር የተባለው የከርነል፥ ማለት የሥርዓቱ እምብርት፥ ክፍል ነው። እርሱም እንደ አስተርጓሚ በመካከል ሆኖ ፊደሎቹን ይቀበላል፤ መስመሩ እስኪፈጸም ያቈያል፤ የታረመውን ብቻ ለፕሮግራሙ ያስረክባል። ፕሮግራሙም የመሣሪያውን ጠባይ መመርመር አያሻውም።

ከዚህም የተነሣ ወረቀቱ በመስተዋት ሲተካ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሳይለወጡ ቀሩ። መኪናው ዛሬ የለም፤ «ቲቲዋይ» የሚለው አጭር ስሙ ግን በሊኑክስ ውስጥ አለ። እንግዲህ ደኅና ተደርጎ የተከፈለ ሥራ ከመሣሪያው ዕድሜ በላይ እንደሚኖር ከዚህ እንማራለን።